መሬትን ማንበብ፤ ከካንሳስ የከሰል ጉድጓድ እስከ ኦሞ ሸለቆ

 በቦሳ ኪቶና በጅሬን፣ በአጋሮ፣ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በዴዶና በሊሙ ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ረከቦቱ ቀርቦ ከሆነ ሲኒያችሁን ይዛችሁ ወደ ሬዲዮናችሁ ጠጋ በሉ። በቡና አገር ለቃሚ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው የቡና ለቃሚ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን ስለ አጥንት ለቃሚ ነው። ድንጋይ ሆኖ የቀረ የጥንት እንስሳ አጥንት እየለቀመ ዕድሜውን ስለፈጀ ሰው፣ እሱም ነዳጅ ፍለጋ ወደ አገራችን ስለ መምጣቱ፣ ከዚያም ስለ ራሳችን ሰዎችና ስለ ራሳችን መሬት እናወራለን።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠራሁ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው 1913 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በፈረንጆቹ 1920 እና 1921። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና በሕይወት አሉ፣ መቀመጫቸውም ጅሬን ነው። በአዲስ አበባ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ናቸው፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። በዚያ ዘመን ባርነም ብራውን የሚባል አሜሪካዊ አንግሎ አሜሪካን ከተባለ የነዳጅ ኩባንያ ጋር ውል ይዞ ኢትዮጵያ ገባ። ሥራው ነዳጅ ሊገኝበት የሚችል መሬት መፈለግ ነበር። ይሁንና ሰውየው ስሙን ያተረፈው በነዳጅ አይደለም። በዓለም ላይ ከኖሩት ሥጋ በል አውሬዎች ሁሉ ዝነኛ የሆነውን፣ ቲራኖሰረስ ሬክስ የተባለውን ዳይኖሰር ከመሬት ያወጣው እሱ ነው።

አጥንት ፈላጊ ሰውን ነዳጅ ፍለጋ መላክ ምን ይሉታል? ትሉ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ልጅነቱ እንመለስ።

ባርነም ብራውን በ1873 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ካርቦንዴል በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ስሙ የወጣለት በዘመኑ ገናና በነበረ የሰርከስ ባለቤት ስም ነው። መንደሪቱ የድንጋይ ከሰል የሚወጣባት ናት፤ ከብራውን ቤተሰብ መሬት ሥርም ከሰል ነበረ። ከሰሉ ላይ ለመድረስ የላዩ አፈርና ድንጋይ ይገፈፋል። ያ በተገፈፈ ቁጥር ከውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የዛጎልና የመሳሰሉት ፍጥረታት ቅሪት ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ይወጣ ነበር። ካንሳስ ከባሕር እጅግ የራቀች የአሜሪካ እምብርት ናት። ልጁ ግን በአባቱ እርሻ ላይ የባሕር ፍጥረት እየለቀመ አደገ። እግሩ የቆመበት ደረቅ መሬት አንድ ዘመን የባሕር ወለል እንደነበር ድንጋዩ ይመሰክር ነበር።

መሬትን ማንበብ የምለው ይህንን ነው። መሬት እንደ መጽሐፍ በገጽ በገጽ የተደራረበ ነው። ጎርፍ ደለል ያመጣል፣ ደለሉ ይረጋል፣ በላዩ ሌላ ይጫናል። ከሥር ያለው ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል። በየገጹ መካከል የዚያን ዘመን ፍጥረት አጥንት፣ ቅጠል ወይም ቅርፊት ተጭኖ ይቀራል። አጥንቱ ቶሎ ከተቀበረ ጅብም ዝናብም ሳያጠፋው ይቆያል። በመሬት ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የያዘውን ማዕድን በአጥንቱ ቀዳዳዎች እየሞላ፣ በሺህና በሚሊዮን ዓመታት ድንጋይ ያደርገዋል። ቅሪተ አካል የምንለው ይህ ነው።

ብራውን በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ከዚያም ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀጠረ። በ1902 ሞንታና በተባለው ግዛት፣ ሄል ክሪክ በሚባል ገላጣና የተሸረሸረ አካባቢ የቲራኖሰረስን አጥንት አገኘ። የሙዚየሙ ሊቅ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን በ1905 ለእንስሳው ያንን ስም ሰጠው፤ ትርጉሙ «ጨቋኙ እንሽላሊት፣ ንጉሡ» እንደማለት ነው። ብራውን በ1908 ደግሞ ከመጀመሪያው የተሻለ የተሟላ አጽም አገኘ። እነዚህ እንስሳት የጠፉት ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን የሥራውን ወግ እንመልከት፤ የእኛ አገር ሰው ሊረዳው የሚችል ሥራ ነውና። ድንጋይ የሆነ አጥንት ከባድ ነው፣ ግን ደግሞ ይሰባበራል። ዝም ብሎ ቢጎትቱት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል። ስለዚህ ለቃሚው በዙሪያው ያለውን አፈር በመርፌና በብሩሽ ሳይቀር ቀስ እያለ ያነሣል። ቀጥሎ ጆንያ በረጃጅሙ ይቆርጣል፣ በተበጠበጠ ጀሶ ይነክራል፣ አጥንቱንም ከነአፈሩ ይጠቀልላል። እግሩ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ ጀሶ እንደሚታሰርለት ማለት ነው። የእኛ ቡና የሚሞላበት ጆንያ ዓይነቱ ጨርቅ፣ በሞንታና በረሃ የዳይኖሰር አጥንት ታሰረበት። ጀሶው ሲደርቅ ጭነቱ በፈረስ ጋሪ ተጎትቶ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል፣ ከዚያ ሙዚየም ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አጥንቱ ከመነካቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። አጥንቱ ከየትኛው የአፈር ንብርብር ወጣ? ከሱ በላይ ምን አለ? ከሱ በታችስ? በዙሪያው ምን ተገኘ? ይህ ሁሉ ይጻፋል። ምክንያቱን ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ነዳጁ እንሂድ። ነዳጅ ዘይት ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? አብዛኛው በጥንት ባሕርና ሐይቅ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ነው። ሲሞቱ ወደ ውሃው ወለል ይወርዳሉ፣ ጭቃ ይቀብራቸዋል፣ የላዩ ንብርብር እየከበደ ሲሄድ ሙቀትና ጫና ወደ ዘይትና ጋዝ ይለውጣቸዋል። እንግዲህ ነዳጅ ለማግኘት መጀመሪያ የጥንት ባሕር ወይም ሐይቅ የነበረውን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን የሚያውቀው ደግሞ የድንጋዩን ንብርብርና በውስጡ ያለውን ቅሪተ አካል ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ሁለት ቦታ የተገኙ ድንጋዮች አንድ ዓይነት የቅርፊት ቅሪት ከያዙ በአንድ ዘመን የተሠሩ መሆናቸው ይታወቃል። ዛሬም የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከሥር የሚወጣው ፍርፋሪ ድንጋይ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ፎራሚኒፌራ የተባሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች ቆፋሪው የትኛው ዘመን ላይ እንደደረሰ ይነግሩታል። አጥንት ፈላጊና ነዳጅ ፈላጊ የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ስለሆነ ነው ኩባንያው ብራውንን ወደ ኢትዮጵያ የላከው።

ብራውን ከኢትዮጵያ በኋላ በሕንድ፣ በበርማና ሳሞስ በምትባለው የግሪክ ደሴት ቅሪተ አካል ለቀመ። በ1934 ወደ አሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት ሄዶ ሃው በተባለ ቦታ ከ4,000 የሚበልጡ የዳይኖሰር አጥንቶች ከአንድ ጉድጓድ አወጣ። የዚህን ሥራ ወጪ ከሸፈኑት መካከል ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ይገኝበታል። ኩባንያው ዳይኖሰርን የንግድ ምልክቱ አድርጎት ነበር። ብራውን ሥራውን እስከ እርጅናው ሳይተው በ1963፣ 90ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ሳምንት ሲቀረው ዐረፈ።

ይህ ሲንክሌር የተባለ ኩባንያ በእኛም ታሪክ ውስጥ አለ። በ1945 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ነዳጅ የመፈለግ መብት አገኘ፤ በኦጋዴንም ለዓመታት ፈለገ። ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ በ1950ዎቹ ወጣ። ኦጋዴን የተመረጠችው በዕድል አልነበረም። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ባሕር የሸፈናት ምድር ናት፤ የኖራ ድንጋዮቿም ያንን ይመሰክራሉ። በኋላም ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ያ ጥንታዊ ባሕር ወደ ሰሜንም ዘልቆ ነበር፤ በአባይ ሸለቆና በትግራይ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቅርፊት ይገኛል። ከዚያ ባሕር ማፈግፈግ ጋር በተሠሩት የሰሜን ምዕራብ ደጋ ንብርብሮች ውስጥ ደግሞ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ስለዚህ ዳይኖሰር የሞንታና ብቻ አይደለም፤ በእኛም ምድር ተመላልሷል።

አድማጮች፣ እስካሁን ያልነውን በአጭሩ ልድገመው። መሬት የተደራረበ መጽሐፍ ነው። ቅሪተ አካል በገጾቹ መካከል ያለ ጽሑፍ ነው። ያንን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው የጥንቱን እንስሳም፣ ከሥር የተኛውን ሀብትም ያገኛል። አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በጅማ ከተማ መካከል የሚያልፈውን የአዌቱን ወንዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ። ግልገል ጊቤ ከትልቁ ጊቤ ይቀላቀላል፤ ጊቤም ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይጓዛል። ቱርካና ከመድረሱ በፊት የሚያቋርጠው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የቅሪተ አካል ቦታዎች አንዱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካሚል አራምቡር የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ እዚያ ለቀሙ፤ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ሠሩ። በቦዬ የምናውቀው ጉማሬ የሩቅ ዘመዶቹ አጥንት በዚያ ሸለቆ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ የዝሆን፣ የአሳማ፣ የዝንጀሮና የሰው ቅድመ አያትም አጥንት እንዲሁ። በ1967 ኪቢሽ በተባለው ቦታ የተገኘው የሰው አጽም እንደ እኛ ያለ ሰው ነው፤ በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ አድርሶታል።

ይህ ዕድሜ እንዴት ታወቀ? አጥንቱ ራሱ አልተናገረም። ከአጥንቱ በላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አለ። ተመራማሪዎች ያ አመድ ከስምጥ ሸለቆው ከሻላ እሳተ ገሞራ የተነሣ መሆኑን ለዩ፤ አመዱ የወደቀበትንም ዘመን ለኩ። አጥንቱ ከአመዱ ሥር ስለተገኘ ከአመዱ ይቀድማል። ቅድም «ምክንያቱን እመለስበታለሁ» ያልኳችሁ ይህ ነው። አንድ ሰው ያንን አጥንት አንሥቶ በኪሱ ከትቶት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ዕድሜው የማይታወቅ የድንጋይ ስባሪ ብቻ በሆነ ነበር። ቦታውን ያጣ ቅሪተ አካል ዲዳ ነው።

በዚሁ በደቡብ ኦሞ አካባቢ ነዳጅም ተፈልጓል። በ2013 ቱሎው የተባለ ኩባንያ ሳቢሳ በተባለ ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር፤ ለገበያ የሚበቃ አልተገኘም። አጥንትና ነዳጅ ፈላጊ አሁንም አንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸውን ልብ በሉ።

ብራውን ያወጣው አጥንት የሚጫነው ወደ ኒው ዮርክ ነበር። መንገድ የመራ፣ ውሃ ያሳየ፣ በቅሎ የነዳ የአገሬው ሰው ስም በዚያ ዘመን በመጽሐፍ እምብዛም አይገባም ነበር። ዛሬ ያ ተለውጧል፤ የለወጡትም የእኛው ሰዎች ናቸው። በ1974 በአፋር ሐዳር ከሉሲ መገኘት በፊት ጥንታዊ መንጋጋዎችን ያገኘው አለማየሁ አስፋው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሉሲ፣ በእኛ ስሟ ድንቅነሽ፣ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። አለማየሁ በ1976 ደግሞ ቦዶ በተባለው ቦታ የታወቀውን የራስ ቅል ካገኙት አንዱ ሆነ። ዶክተር ብርሃኔ አስፋው የመሯቸውና የተካፈሉባቸው ጥናቶች በአፋር ሄርቶ የተገኘውን 160 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው ራስ ቅል ለዓለም አሳወቁ። የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 በዲኪካ ሰላም የተባለችውን ሕፃን አገኘ፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቻላቸው ሥዩም በ2013 በሌዲ ገራሩ 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን መንጋጋ አገኘ።

አንድ ታሪክ ግን ከሁሉም ይልቅ ለእናንተ ለአርሶ አደሮቹና ለእረኞቹ የቀረበ ነው። በ2016 በአፋር ወራንሶ ሚሌ አሊ በረይኖ የተባለ የአካባቢው አርብቶ አደር የአንድ ጥንታዊ ፍጥረት መንጋጋ ቁራጭ መሬት ላይ አየ። የዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን ቦታውን መርምሮ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ እጅግ የተሟላ የራስ ቅል አገኘ። ዓለም ያንን ፊት ያየው በሚሊዮን ዶላር መሣሪያ ሳይሆን ዕለት ዕለት በሚረግጠው መሬት ላይ ዓይኑን ባልነፈገ ሰው ነው።

ይህ ዓይን በእኛ አካባቢ ሞልቷል። ቡና ለቀማ ላይ የተቀመጡትን እናቶችና እህቶች አስቡ። ከሺህ ፍሬ መካከል የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን በአንድ እይታ ይለያሉ። የቅሪተ አካል ቡድኖችም እንዲሁ ነው የሚሠሩት። ጎን ለጎን ተሰልፈው መሬቱን እያዩ ይሄዳሉ፤ አንድ ቁራጭ ሲገኝ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይፈልጋሉ፤ አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ፣ የቀረውንም በእጅ ይለቅማሉ። የጥርስ ስባሪን ከጠጠር የሚለይ ዓይንና የተበላሸ ቡናን ከደህናው የሚለይ ዓይን አንድ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋሉ።

«ታዲያ ጅማ ምን አላት?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የደጋችን አብዛኛው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ አጥንት አይቆይም። ነገር ግን ያ ሁሉ ድንጋይ በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም። አንዱ ከፈሰሰ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ረጅም ዘመን ያልፋል። በዚያ መካከል ሐይቅ ተኝቷል፣ ደን በቅሏል፣ ቅጠል ረግፏል። የዚህ ምስክሩ በጅማ ዞን የሚገኘው የደልቢ ሞዬ የድንጋይ ከሰልና ዘይት አዘል ድንጋይ ነው። ከሰሉ የጥንት እፅዋት ነው፤ ዘይት አዘል ድንጋዩም የጥንት ሐይቅ ጭቃ ነው። በአማራ ክልል፣ ከጎንደር በስተምዕራብ ባለችው ጭልጋም እንዲሁ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ከሰል ያለበት ንብርብር አለ። በዚያ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንትና አርሲኖይቴሪየም የተባለ ባለ ሁለት ትልልቅ ቀንድ እንስሳ አጥንት ተገኝቷል። ባርነም ብራውንንም ለዚህ ሥራ ያበቃው የከሰል ጉድጓድ ዳር የተጣለ ድንጋይ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ በከሰል ቁፋሮ፣ በመንገድ ቆረጣ፣ በውሃ ጉድጓድና በድንጋይ ካባ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ሁሉ በእጃችሁ የሚያልፈውን ድንጋይ አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ እዩ።

አንድ ነገር ካያችሁስ? አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ድንጋይ፣ ወይም የቅጠል ቅርጽ የታተመበት ድንጋይ ብታገኙ አራት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ከቦታው አታንሡት፤ አትጠቡት፣ አትፋቁት። ሁለተኛ፣ ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ ስልክ ካላችሁ ከሩቅና ከቅርብ ፎቶግራፍ አንሡ፣ መጠኑ እንዲታይ እርሳስ ወይም ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ቁፋሮውን እዚያ ቦታ ላይ አቁሙና ለቀበሌያችሁ ወይም ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። አራተኛ፣ አትሽጡት። ገዢው ድንጋዩን ሲወስድ የንብርብሩን ታሪክ ያጠፋል፤ ለእናንተም የሚቀረው ጥቂት ብር ብቻ ነው።

መምህራንም አንድ አደራ አለባችሁ። የሳይንስ ትምህርት ስታስተምሩ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ተቆረጠ ኮረብታ ውሰዷቸው። የአፈሩን ንብርብር ከላይ እስከ ታች ይቁጠሩ፣ ቀለሙን ይጻፉ፣ በደብተራቸው ይሳሉት። የትኛው እንደሚቀድምም ጠይቋቸው። ለዚህ ትምህርት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የከሰል ጉድጓድ ዳር ዛጎል የለቀመ አንድ የገበሬ ልጅ የዓለምን የዳይኖሰር ዕውቀት ለወጠ። የአፋር አርብቶ አደር ያስተዋለው አንድ ቁራጭ የሰውን ዘር ታሪክ አንድ ገጽ ሞላ። የጅማ ልጅም ይህን ማድረግ ይችላል። ነገ ጠዋት ዶማችሁን ስታነሡ መሬቱን ከመቆፈራችሁ በፊት እዩት፤ ያያችሁትንም ለልጆቻችሁ አሳዩ።